ዱቄቱ የጋረደው ጠረን

ትናንት ምራቴ አራስ ልጇን አጥባ ሽቶ ያለው የገላ ዱቄት ልትነሰንስበት ስትል እጇን ቀጨም አደረግኩት። ደነገጠች...

«ምነው እማማ?»

ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ረዳት ነርስ ነበርኩ። ሕፃናቱን የማጥበው እኔ ነኝ። በሽቶ ሳሙና አጥቤ፣ ዱቄት ነስንሼ፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው ፊታቸውን ሸፍኜ ለየእናታቸው አድላለሁ። እጃቸው ላይ የእናት ስም የተጻፈበት ፕላስተር እንለጥፍ ነበር፤ እናቶቹ ግን «ክርስትና ሳይነሳ ምን ጽሕፈት ነው!» እያሉ ይልጡታል። እኔም ነገሩን ንቄ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ኃላፊያችን ሲስተር የሕፃናቱ ቆዳ ሽፍ ማለቱን አይታ ተቆጣች። «ከዛሬ ጀምሮ ለብ ያለ ውሃ ብቻ! ዱቄትም ሽቶ ሳሙናም እንዳላይ!»

ደስ አላለኝም። ቢሆንም ታዘዝኩ።

በውሃ ብቻ ያጠብኳትን አንዲት ሕፃን ከአንበሳሜ የመጣች ዓይነ ስውር እናቷን አስታቀፍኳት። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አፍንጫዋን ሕፃኗ አናት ላይ አድርጋ ደጋግማ አሸተተች...

«እታለም፣ ይች የኔ አይደለችም።»

«ኧረ በስመ አብ በይ! ሦስት ቀን ያጠባሻትን?»

«የወለድኩ ዕለት ደረቴ ላይ ስታኖሩልኝ አሽትቻታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያ ዱቄታችሁ ጋረደብኝ እንጂ... ምሪኝ፣ ልፈልጋት።»

ሳቅኩ። አራስ ስትቃዥ መቼም ብርቅ አይደለም። እሷ ግን እጄን ጨምድዳ ይዛ ተነሳች። ከአልጋ አልጋ መራኋት። እናቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ፊታቸውን አዞሩ።

መስኮቱ ሥር የተኛችው የይፋግ ሴት ዕቃዋን ሸክፋለች፤ ባሏ በቅሎ ጭኖ በር ላይ ይጠብቃታል። ገና አጠገቧ ስንደርስ የዓይነ ስውሯ ቀሚስ በወተት ራሰ። ሕፃኗን አልነካቻትም እኮ!

«ይቻት... ልጄ» አለች በቀስታ።



ሲስተር መዝገቡን አመጣች። የዓይነ ስውሯ ልጅ ስትወለድ «ግራ ጆሮዋ ሥር ጥቁር ምልክት» ተብሎ ተጽፎላታል። የይፋጓ ሴት የታቀፈቻትን ሕፃን ፊት ስንገልጥ... ምልክቱ አለ። ሴትዮዋ «እኔስ ጡቴን እምቢ ማለቷ ምነው እያልኩ ነበር» ብላ አለቀሰች። ገና በመጀመሪያው ትጥበት ሁለቱን አንድ ላይ አጥቤ ያቀያየርኩት እኔው ነኝ። በቅሎዋ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ብትነሳ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው ሄዱ። እኔን ግን ያን ቀን የያዘኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ከዚያ በፊት ዱቄት ነስንሼ ስንቱን ሸኝቻለሁ?

ምራቴ ይህን ሰምታ ዱቄቱን ወደ ቦታው መለሰች። ባሏ፣ የበኩር ልጄ፣ እዚያው ክፍል በዱቄቱ ጊዜ መወለዱን ግን አልነገርኳትም።