ዳገት ላይ የምትቆመው መኪና

በመሐል ሜዳ ከተማ ያለው መካኒክ ቢያድግልኝ ሲናደድ መፍቻውን መሬት ላይ ይወረውራል፤ ራሱ ሄዶ ያነሳና ንዴቱ ካልበረደለት ደግሞ ይወረውረዋል። ሙያውን የተማረው በወታደርነቱ ዘመን፣ በጦሩ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ የጭነት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። በዚህ ዓለም አጥብቆ የሚጠላው ሳይመረምር ዕቃ የሚቀይር መካኒክ ነው። «እነዚህ ሐኪም ቢሆኑ ኖሮ ለራስ ምታት እግር ይቆርጡ ነበር» ይላል። ይህን ሲል የሰማ ሰው፣ እሱም አንድ ቀን ሳይመረምር ይፈርዳል ብሎ አይጠረጥርም። ፈረደ ግን።

ወይዘሮ ጥሩሸዋ የገብስና ከበግ ሱፍ የሚሠራው የባና ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው። ከሟች ባላቸው የቀረች አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለቻቸው። የሚነዳላቸው ወሰኔ የሚባል፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ይህቺ መኪና ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ከራቤል ከተማ ገብስ ጭና ስትመለስ፣ ዳገቱ መሐል ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራትና ቀጥ ትላለች። ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈች በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስታ ትሄዳለች። አንዱ መካኒክ ፊልትሮ ቀየረላት፣ ሌላው የናፍጣ ፖምፓ አስለወጠ። እሷ ግን እዚያው ዳገት ላይ መቆሟን አልተወችም።

በመጨረሻ ቢያድግልኝ ዘንድ መጣች። ያን ቀን ሥራ በዝቶበት፣ ሆዱም ባዶ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ሰጠ፣ ባዶዋን በከተማው ውስጥ አንድ ዙር ነዳት፤ ወረደና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ምንም የላትም» አለ።

«ጋሼ፣ ገብሱን ጭነን ዳገቱ ላይ ቢያዩልኝ ነበር የሚሻለው» አለው ወሰኔ።

«ልታስተምረኝ ነው?» አለና መፍቻውን ወረወረ።

እንግዲህ መኪናዋ ምንም ከሌላት ጉዱ ያለው ሾፌሩ ጋ ነው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ የደረሱበት ይህንኑ ነው። ናፍጣ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ጊዜ፣ ሾፌር ሰው በሌለበት ዳገት ሩብ ሰዓት የሚቆመው ምን ሊያደርግ ነው? ቀድቶ ሊሸጥ ነው እንጂ። በገበያ ቀን፣ ሸማቹም ሻጩም እየሰማ፣ «ናፍጣዬን የምትቸበችብ ሌባ» አሉና ቁልፉን ከእጁ ነጠቁት። የገበያ ሰው ደግሞ ሌባ የሚለውን ቃል ለመስማት ጆሮው ደክሞት አያውቅም። ወሰኔ ለሁለት ሳምንት የመኪና ባለቤት ሁሉ ደጅ ቢጠናም መሪ የሚያስጨብጠው ጠፋ።

ከዚያ ወይዘሮ ጥሩሸዋ የእህታቸውን ልጅ ሾፌር አደረጉ። ሌባ የተባለው ከተባረረ በኋላ፣ መኪናዋ ገብስ ጭና ስትመለስ እዚያው ዳገት ላይ ቆመች።

ቢያድግልኝ ይህን በስልክ ሲሰማ ደሙ ፈላ። መሣሪያውን በጆንያ ሸክፎ ባገኘው ሚኒባስ ተሳፈረ፤ መንገዱን ሙሉ ብቻውን ሲነጫነጭ ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ አዲሱ ሾፌር ሁለት ጊዜ አስነስቷት ደግማ ገና መቆሟ ነበር፤ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ፣ ከናፍጣ ታንከሩ የሚወጣውን ቱቦ ፈታና በአፉ ሳበ። የሚመጣ ነገር የለም። ታንከሩ ግን ከግማሽ በላይ ናፍጣ ነበረው። በኃይል ነፋበት፣ ውስጡ ተንቦቀቦቀ። እንደገና ሲስብ አፉ ናፍጣ ሞላ።

ተፋውና ከመኪናዋ ሥር እንደተጋደመ የራሱን እናት አባት ሰደበ። ነገሩ ገብቶታል። ታንከሩ ውስጥ የሚዋኝ ነገር አለ። ሞተሩ ጭነት በዝቶበት አጥብቆ ሲስብ ያ ነገር ሄዶ የቱቦውን አፍ ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ተላቆ ይንሳፈፋል። ያ ሩብ ሰዓት የወሰኔ ስርቆት ሳይሆን የዚህ ነገር መላቀቂያ ነበር። ባዶዋን በሜዳ የነዳት ሰው ይህን ሊያይ አይችልም።

መኪናዋን ቀስ እያደረጉ ጋራዥ አደረሷት። ታንከሩን አውርዶ ሲገለብጠው፣ ቡጢ የሚያህል፣ ናፍጣ ጠጥቶ የጠቆረ የበግ ሱፍ ዱብ አለ። ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል። ወይዘሮ ጥሩሸዋን አስጠራቸው።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ ጥሩሸዋ?»

«የእኔ ሱፍ ነዋ» አሉ ሳይደነግጡ። «የታንከሩ ክዳን ከጠፋ ወዲህ እሱን እወትፍበታለሁ። ክር የማስርበት ወሰኔ ነካክቶት እንደሆነ እንዳውቅ ብዬ ነው። አንዴ ወደ ውስጥ ገባብኝና ሌላ ተካሁ።»

«ሌባ ሊይዙበት ባጠመዱት ሱፍ መኪናዎን አነቁ» አለ እየጮኸ። «ሰውየውንም በገበያ መሐል አዋረዱት።»

«እኔ ብቻ ነኝ ያዋረድኩት? ምንም የላትም ብለህ የሸኘኸኝ አንተ አይደለህ? እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ መኪና ምን አውቄ። ያንተን ቃል ይዤ ነው ሌባ ያልኩት።»

 መፍቻው ከቢያድግልኝ እግር ሥር ነበር፤ አላነሳውም። ሰው ላይ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ ቁጣው ወደ ራሱ ሲዞር የሚያደርገው ጠፍቶት ፊቱ ቀላ፣ አፈረም።

በማግስቱ ጧት ቢያድግልኝ፣ ወሰኔ አገሩን ትቶ ደብረ ብርሃን ሊሄድ ነው ሲባል ሰማ። ሱፉን በፌስታል ይዞ ወደ መናኸሪያው ሮጠ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ዘሎ ገባ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደምና፣ ጥፋተኞቹ ተሳፋሪዎቹ የሆኑ ይመስል ጮኸባቸው።

«ስሙኝ። ይሄ ወሰኔ ሌባ አይደለም። ናፍጣ አልሰረቀም። መኪናዋን ያቆማት ይሄ ሱፍ ነው። ጭነት ጭኜ ሳላያት ደህና ናት ብዬ ያስፈረድኩበት እኔ ነኝ።»

 «ማነው የሰረቀው?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ከወሰኔ ጎን የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች።

ወሰኔ የሴትዮዋን እጅ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እነዚህ እኮ ሌባ መባሌንም አልሰሙም ነበር፣ ጋሼ» አለው። «አሁን ከእርስዎ ሰሙ። ያን ቀን የሰሙት ሰዎች ያሉት ገበያው ላይ ነው።»

ረዳቱ «አባት፣ ይውረዱ እንጂ፣ ልንሄድ ነው» ብሎ ክንዱን ያዘው። ወረደ። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶት ሄደ። ናፍጣው ከፌስታሉ እየተንጠባጠበ ሱሪውን ሲያበላሸው ቢያድግልኝ ልብ አላለም። ይህንኑ በሰሙት ሰዎች ፊት ሊናገር የሚችልበት ገበያ እስኪውል ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።