ማንኪያውን ያስቀመጠበት ክፍል

እናቴ ድራማ አይሆንላትም ነበር። የቱርኩን «በጩኸቱ ራሴን አመመኝ» ብላ ተወችው፤ የአገር ቤቱን ደግሞ «እነዚህ ሰዎች በር ሳያንኳኩ እየገቡ ነው የሚጣሉት» ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ እዚህ ውጭ አገር ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማችን አንድ የኮሪያ ድራማ ከፍቼ ልብስ ሳጣጥፍ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ብዙም ቦታ አልሰጠሁትም። ሩብ ሰዓት ቆይታ ትሄዳለች አልኩ። አልሄደችም።

ድራማው ስለ ጠበቆች ነው። ጠበቃ ሲባል ግን ችሎት መሀል ቆሞ ጣቱን የሚቀስር ሰው እንዳትጠብቁ። ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ቢሮ ናት። አንድ ሸበቶ ጠበቃ አለ፣ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ወጣት ጠበቃ አለች፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ ማንም ውሃ የማያጠጣው አበባ አለ። ወረቀት ያነባሉ። ወረቀት ፎቶ ኮፒ ያደርጋሉ። ምሳ ይበላሉ፤ ሾርባው እስኪበርድ ይጠብቃሉ፣ እኛም አብረን እንጠብቃለን። ፍርድ ቤት የሚሄዱት አንዳንዴ ነው፤ ሲሄዱም ዳኛው ቀጠሮ ሰጥቶ ይመልሳቸዋል። እናቴ እዚህ ላይ ሳቀች። «ይሄስ እውነት ነው» አለች።

እኔ አንድ ነገር ካየሁ በኋላ ሌሎች ተመልካቾች የጻፉትን ካላነበብኩ አይሆንልኝም። አንዱ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ሽማግሌው ያንኑ ሾርባ እየበላ እንዳገኘው ይናገራል። አንዷ ከሥራ መልስ የምታርፈው በዚህ ብቻ እንደሆነ ጽፋለች። ራሱ ጠበቃ ነኝ የሚል ደግሞ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት ሲበላ ያየሁበት የጠበቃ ድራማ ይሄ ብቻ ነው ብሎ ያመሰግናል። ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። «ያ የተኛው ምን አስቸኮለው?» አለች። ልጄ ከኮሌጅ ስትመለስ ከሶፋው ጀርባ ቆማ ትንሽ አየችና «ማም፣ ናቲንግ ኢዝ ሃፕኒንግ» አለች። እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ።

«ምንም ነገር እየሆነ አይደለም ትላለች።»

«እንዴት አይሆንም? ልጅቷ እኮ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋለች።»

እኔ አላየሁም ነበር። ክፍሉን ወደ ኋላ መልሼ ሳየው እውነትም ወጣቷ ጠበቃ አኩርፋለች። ያን ቀን ነው የማወቅ ጉጉት የያዘኝ፤ ከድራማው ይልቅ እናቴን መከታተል ጀመርኩ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ከስር የሚያልፈውን ጽሑፍ እየተከተልኩ ወደ አማርኛ የምመልስላት እኔ ነኝ። ይህ ደግሞ እንጀራዬ ነው፤ ከቤት ሆኜ በስልክ አስተርጓሚ ነኝ። አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ ፍርድ ቤት፣ አንዴ ትምህርት ቤት። የሥራው ሕግ አጭር ነው፦ የተባለውን በሙሉ፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፣ በተናጋሪው አፍ። ሰውዬው «አሞኛል» ካለ እኔም «አሞኛል» እላለሁ እንጂ «አሞታል» አልልም። በዚህ ሕግ እኮራለሁ። አይቼያቸው ለማላውቃቸው ሰዎች ከባዱን ነገር እንደወረደ ተናግሬ፣ ስልኩን ዘግቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ቀጣዩን አንስቻለሁ።

ሕጉን ያፈረስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በእናቴ ላይ። ከገና በኋላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አስተርጓሚ እንጥራ ወይ ሲሉኝ «ሥራዬ ነው፣ እኔ አለሁ» አልኩ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። የቀኝ ዓይኗ ብርሃን አብዛኛው ሄዷል፣ የሄደውም አይመለስም፤ ጠብታው ጠዋትና ማታ ሳይዘለል ካልገባ ግራውም ይከተላል አለ። እኔ ወደ እናቴ ዞሬ «ዓይንሽ ትንሽ ደከም ብሏል፣ ጠብታ አዞልሻል፣ ቀላል ነው» አልኳት። አስቤበት አልነበረም። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። የእኔ ተራ ግን ሐኪሙ ተናግሮ እንዳበቃ ደረሰ፣ ምላሴም ለስላሳውን መረጠ።

ጾሙ ሲገባ መዘዙ መጣ። ጠብታው ዓይን ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሲቆይ ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ይሰማል። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም የጠዋቱን ጠብታ እርግፍ አድርጋ ተወችው።

«የንስሐ አባትሽ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለውሽ የለም ወይ?» አልኳት።

«እሱ ለታመመ ሰው ነው። የኔ ቀላል ነው፣ ራስሽ ነግረሽኛል።»

በየጠዋቱ ብልቃጡን ትናንት ማታ ባስቀመጠችበት ቦታ አየዋለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ለሰው እውነቱን ሳስተረጉም እውላለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሥራዬን የምጨርሰው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሲያልቅ ዘጠኝ ይሆናል፣ ምሳ ይቀርባል። ድራማው ለጾም ማሳለፊያ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ችግሩ እንግሊዝኛ ያለው አንድ «ዩ» ብቻ መሆኑ ነው። አንተ ልበል፣ እርስዎ ልበል፣ የምወስነው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ባልደረቦች ናቸው ብዬ ልጅቷን ሽማግሌውን «አንተ» አስባልኳት። እናቴ ተቆጣች። «በሁለት እጇ ሻይ እየሰጠችው እንዴት አንተ ትለዋለች?» ወደ «እርስዎ» ቀየርኩ፣ ሰላም ወረደ። እሷ ግን ማረጋገጥ ፈለገች። ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ ያለች ወዳጇ አንዲት ኮሪያዊት አሮጊትን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች፤ አሮጊቷም ይህንኑ ድራማ ያያሉ። እናቴ ደወለችላት፣ በማግስቱ መልሱ በስፒከር መጣ።

«እትዬ፣ ቼክ አደረግኩሎት። ሶ፣ አንተም አላለችውም፣ አንቱም አላለችውም። በማዕረጉ ነው የምትጠራው። ትልቅ ሰው ፊት እንደዚያ ያለ ነገር ጭራሽ ከአፍ አይወጣም አሉኝ፣ በእጅም በእንግሊዝኛም ብለው።»

«እንደ ጋሼ ማለት ነዋ» አለች እናቴ፣ ኮሪያ ተወልዳ እንዳደገች ሁሉ።

በዚያች አንዲት ቃል ሁለት ቀን ሙሉ አወሩ። እኔም ደስ ብሎኝ አዳመጥኳቸው። ስልኩን ስትዘጋ ይህን ድራማ ለምን እንደምትወደው ጠየቅኳት።

«ፊታቸውን ይተዉልኛል» አለች። «ሌላው ፊት ያሳይሽና ይነጥቅሻል። እነዚህ እስካገኘው ይጠብቁኛል።»

ይህን ስትል አንገቷን ወደ ቀኝ ዘወር አድርጋ፣ በግራ ዓይኗ ነበር የምታየኝ። መቼ እንደጀመረች አላስታውስም። እኔ ልብሱን ማጣጠፍ ቀጠልኩ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የድራማዋ ልጅ የመጀመሪያ ጉዳይዋ በራሷ ስህተት እንደተበላሸ የሚናገር ደብዳቤ ሽማግሌው መሳቢያ ውስጥ አገኘች። እንዳታዝን ብሎ ነው የደበቀው። ምሳ ላይ ትይዩ ተቀምጠዋል። እሷ አትበላም፣ እሱ ይበላል። በመጨረሻ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች፣ ከስር ጽሑፉ ወጣ፣ እኔም «እውነቱን አልነገሩኝም» አልኩ።

ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ፖዝ አድርጊው» አለች እናቴ። ከልጄ የተማረችው ቃል ነው። አቆምኩት።

«እንደዚያ አላለችውም።»

«ብላዋለች፣ እማዬ።»

«እንደዚያ የተባለ ሰው ማንኪያውን አያስቀምጥም። እየበላ ምክንያቱን ይደረድራል። ምን አለችው?»

ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ቆሟል። ያንን ቃል በስልክ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። እናቴ ፊት፣ ለታላቅ ሰው የተባለ ሆኖ፣ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«‹ዋሽተውኛል› ነው ያለችው።»

«እህ» አለች። ቴሌቪዥኑን ትታ ወደ እኔ ዞረች፣ በዚያው በግራ ዓይኗ። «የዓይን ሐኪሙስ ምን ነበር ያለው?»

«ነግሬሽ የለ?»

«ሰውዬው ብዙ ተናገረ፣ አንቺ አጭር ተናገርሽ። ደግሞ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። ለቀላል ነገር ወንበር አይሳብም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ፊትሽን አየሁታ። አትችዪም ነበር። አሁን ይቺን ካልሽ ያንንም ትያለሽ። እንዳለው ንገሪኝ።»

እናቴን ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺ ነው የምላት። ሐኪሙ ግን ልጇ አይደለም። ጉልበቴ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጥኩ፣ ሥራ ላይ እንደማደርገው አንዴ ተነፈስኩ፣ በእሱም አፍ ተናገርኩ። «የቀኝ ዓይንዎ ብርሃን አብዛኛው ሄዷል። የሄደው አይመለስም። ጠብታውን ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘልሉ ካላደረጉ የግራውም ይሄዳል። ቢያደርጉም ሙሉ ዋስትና ልሰጥዎ አልችልም። ገብቶዎታል?»

እናቴን «እርስዎ» ብዬ ስጠራት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ባዕድ ሆንኩባት፤ እንደዚያ ባልሆን ኖሮ ግን አልጨርሰውም ነበር።

እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። ከዚያ «ገብቶዎታል ወይ ሲለኝ፣ እኔ ምን አልኩት?» አለች።

ይህን አልጠበቅኩትም። ያኔ ሐኪሙ ሲጠይቅ ወደ እሷ ዞሬም አላየሁም። በሕጉ መሠረት፣ በተናጋሪው አፍ፣ ቶሎ ብዬ መልሼለት ነበር።

«‹ገብቶኛል› አልሽው» አልኳት። «አንቺ ሳትዪ እኔ ነኝ ያልኩልሽ። ፈርቼ ነው፣ እማዬ።»

«አሁን ገብቶኛል» አለች። አልተቆጣችም፣ አላጽናናችኝምም። ቀና ብላ ሰዓቱን አየች፤ ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ነበር። «ጠብታውን አምጪልኝ።»

ሶፋው ላይ ራሷን ወደ ኋላ አስደገፈች። በቀኙ አንድ፣ በግራው አንድ ጠብ አደረግኩላት። አምስት ደቂቃ መጨፈን አለባት። ጥቂት ቆይቶ ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደደችና ዋጠችው። «መጣ» አለች ስለ ምሬቱ። ከዚያ «በይ አጫውቺው።»

«ዓይንሽን እስክትከፍቺ ልጠብቅሽ?»

«አጫውቺው።»

ድራማው ቀጠለ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይሰማል።

«ምን ተባባሉ?»

«ምንም አላሉም።»

«ምንም ሳይሉስ ምን እያደረጉ ነው?»

ጽሑፍ የለም፣ የምተረጉመው ነገር የለም። ሁለቱን ሰዎች በደንብ አየኋቸው፣ እሷ እንደምታያቸው። «ሽማግሌው ማንኪያውን ነው የሚያየው። እሷን ቀና ብሎ አላያትም» አልኩ። «ልጅቷ ሾርባውን ወደ እሱ ጠጋ አደረገችለት።»

«በስንት እጇ?»

«በሁለት።»

እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ራሷን ነቀነቀች። «አለቀሰች?»

«የለም፣ ደህና ናት» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «እያለቀሰች ነው።»