የጋቢናው ዶክተር

ባለፈው ማክሰኞ ከሱሉልታ ወደ ከተማ ስመለስ የሚኒባሱ ሹፌር ሽበቴን አይቶ ጋቢና አስቀመጠኝ። ሽበት ይህን ያህል እንደሚጠቅም ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ አበቅለው ነበር። የእንጦጦን ዳገት እንደጀመርን ሞተሩ ጋለ። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመና፣ "አባባ፣ እግርዎ ሥር ያለችውን ጄሪካን ያቀብሉኝ" አለኝ።

ቢጫ ጄሪካን ናት፣ ውሃ የሞላች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት፤ መስጠቱ ግን አቃተኝ። ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ከኋላ ያሉት ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ ጄሪካን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ሽማግሌው ጃጀ ብለው ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ ግን የእርጅና አይደለም፣ የወጣትነት ነው።

ያን ጊዜ ጸጉሬም ጥርሴም ሙሉ ነበር፤ የጎደለኝ ብልሃት ብቻ ነው። በጊዜያዊነት የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት በከተማዋ ዙሪያ ያሉ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎችን እየዞርኩ ጥራት እንድቆጣጠር ለጥቂት ወራት መደበኝ። ይህን ካሳመርኩ ቋሚ እንደምሆን አለቃዬ ነገሩኝ። መኪና ይሰጥሃል ተባልኩ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ጋራዥ ገባ ተባልኩ። ከጋራዥ ሲወጣ እኔን አላስታወሰኝም።

መጀመሪያ ሰበታ፣ ቀጥሎ ቡራዩ ሠራሁ። ሁለቱን ከተሞች ካርታ ላይ በአንድ አውራ ጣት እሸፍናቸዋለሁ፤ በታክሲ ግን ካንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ መርካቶ ገብቼ፣ ተጋፍቼ፣ ተረግጬ እንደገና መውጣት ነበረብኝ። የሥራ ዕቃዬ ደግሞ መስታወት ነው። ወተት ውስጥ ሲነክሩት ንጹሕ ከሆነ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ ውሃ ከገባበት ጠልቆ የሚያጋልጥ ቀጭን መለኪያ። ካልሲ ውስጥ ከትቼ በደረት ኪሴ እይዘውና ግፊያ ሲመጣ ሆዴን አስቀድሜ እሱን አድናለሁ።

መጨረሻ ላይ ሱሉልታ ደረሰኝ። ጣቢያው ሱሉልታ፣ የተከራየሁት ክፍል ጫንጮ። ጠዋት ጠዋት ከፍቼ ከተማ በኩል የሚመጡት መኪኖች ሰው ጠቅጥቀው ያልፉኛል። መስቀል ገና ማለፉ ነበር፤ ሜዳው ላይ ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፣ አየሩ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ውርጩ ግን ጆሮ ይቆርጣል። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር እየዘለልኩ ስሞቅ አንድ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ።

"ነጭ ካፖርት የለበስከው ዶክተር፣ ግባ እንጂ፣ ብርድ ነው" አለ ሹፌሩ።

ግርማ ይባላል። የጫንጮ አካባቢ ገበሬዎችን ወተት በቢዶን እየጫነ ሱሉልታ ጣቢያ ያደርሳል፣ የሚከፈለውም ባደረሰው ሊትር ነው፤ ከዚያ ወተቱ ከሌላው ጋር ሆኖ ከተማ ወዳለው ፋብሪካ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢናው የኔ ሆነ። ማንም ሰው ቢቀመጥበት "የዶክተሬ ነው" ብሎ ያስነሳልኛል። እኔ እንኳን ዶክተር ልሆን በቅጡ ተቀጣሪም አይደለሁም፤ ቢሆንም አንድም ቀን አላረምኩትም። የጋቢውን ግማሽ ጉልበቴ ላይ ይጥልልኛል። ከሚስቱ የተጣላበትን ይነግረኛል፣ እኔም ቡራዩ ስላለች ልጅ አማክረዋለሁ። ታላቅ ወንድም የለኝም፤ አገኘሁ ብዬ ነበር።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ወዲያ አንድ ሻይ ቤት። ግርማ ጠዋት ጠዋት እዚያ ያቆማል። ራዲያተሩ ያፈሳል፣ ውሃ ሳይጠጣ ሱሉልታ አይደርስም። በሰው መኪና እየሄድኩ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ እንዴ? ጄሪካኖቹን ይዤ ወርጄ ከወንዙ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሁለት ጄሪካን፣ ቢጫ። እሱም፣ "በል ዶክተሬ፣ ሄደህ እዘዝልን፣ እኔ ሞተሩን ላጠጣው" ይለኛል። ቅቤ የጠገበ ትኩስ ጨጨብሳ አዝዤ እጠብቀዋለሁ። እጁን እየጠራረገ ይመጣና አብረን እንበላለን።

ሱሉልታ ስንደርስ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሥራዬን እጀምራለሁ። በአህያ የመጣውን፣ በጋሪ የመጣውን፣ በትከሻ የመጣውን ወተት አንድ በአንድ እለካለሁ። የግርማን አልለካም። አብሬው በልቼ፣ ጋቢውን ለብሼ፣ ከመኪናው በወረድኩ በደቂቃው ቆይ ልፈትሽህ እንዴት እለዋለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። እሱ ራሱ እየሳቀ "ለካው እንጂ" ይለኛል፤ እንደዚያ ሲለኝ ደግሞ ጭራሽ አፍራለሁ።

አንድ ቀን ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣ። የሱሉልታ ወተት ውሃ በዝቶበታል ይላል። አለቃዬ፣ ምንጩን ካላገኘህ ሥራህም እዚያው ያበቃል አሉኝ። ጭንቀቴን ለማን ልንገር? ለግርማ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የኦቦ ደቻሳን ቢዶን እየው። የኔን ስም ግን እንዳታነሳ" አለኝ።

ኦቦ ደቻሳ የጫንጮ ሽማግሌ ናቸው፤ የቢዶናቸው እጀታ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ሱሉልታ ስንደርስ እሷን ብቻ ለይቼ ለካሁ። መለኪያው ድንጋይ የወደቀ ይመስል ሰመጠ። ያን ቀን ግርማን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ጫንጮ፣ ጎረቤቶቻቸው ባሉበት፣ ካፖርቴን ቆልፌ ኦቦ ደቻሳ ፊት ቆምኩ። "አካም ቡልተኒ" ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው። "ናጋ" አሉኝ። ቀጥዬ ወተታቸው ውሃ ስለተገኘበት ከዛሬ ጀምሮ እንደማንቀበል ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ያቺ ወተት የልጅ ልጆቻቸው ጉሮሮ መሆኗን ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ እሳቸው ግን አልለመኑም።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "እኔም እዚህ ነኝ፣ ወተቱም እዚህ ነው፣ መለኪያህም ኪስህ ውስጥ ነው። ምነው ሱሉልታ ድረስ አስኬድከው?"

መለኪያዬን ከካልሲው አውጥቼ ነከርኩት። ከፍ ብሎ ቆመ፣ እንደ ሻማ። ግርማ ከመሪው ኋላ ሆኖ፣ ብርዱ መለኪያውን አበላሽቶት ይሆናል፣ ረፍዷል እንሂድ አለ። ቢዶኗን ጭነን ሄድን።

ወንዙ ጋ እንደወትሮው ቆመ። እንደወትሮው ቀድቼ መጣሁ። እንደወትሮው "ሂድ እዘዝልን" አለኝ። ሻይ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩና ዞርኩ።

የመኪናው ኮፈን እንደተዘጋ ነው። ግርማ ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥቶ፣ ቀይ ክሯን ቢዶን ከፍቶ፣ እኔ የቀዳሁትን ውሃ እያንቆረቆረ ነው። መኪናው ሥር ሄጄ ቆምኩ። አየኝ፤ አልደነገጠም። ጨርሶ ክዳኗን ገጠመ።

"ማን ቀዳው ዶክተሬ?" አለኝ።

"እኔ እኮ ጓደኛዬ መስለኸኝ ነው" አልኩት። ድምፄ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

"ጓደኛህ ነኝ እንጂ። ጓደኛህ ባልሆን በየቀኑ እየለካህ ታስቸግረኝ ነበር።"

ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። "ግባ፣ ብርድ ነው" አለኝ። አልገባሁም። ሱሉልታ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ የደረስኩት ቀትር ላይ ነው፣ ነጭ ካፖርቴ የአቧራ ቀለም ይዞ።

ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ላይ ውሃው ከየት እንደመጣ እንጂ ማን እንደቀዳው አልነበረም። ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ እውነቱን ጻፍኩ፤ አለቃዬ አንብበው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሳቃቸውን አቆሙ። ግርማ ከወተት ጭነት ተባረረ፣ ኦቦ ደቻሳ ተመለሱ፣ እኔም ቋሚ ሳልሆን ቀረሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ጫንጮ ስሄድ ኦቦ ደቻሳ በትልቅ ኩባያ ወተት ሰጡኝና፣ "መለኪያህን ረሳኸው?" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ።

ሥራውስ ሌላ አገኘሁ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ያ ጋቢ፣ ያ ጨጨብሳ፣ የሚስቱ ወሬና ያ ሁሉ ሳቅ ነው። ስንቱ ወተት፣ ስንቱ ውሃ ነበር? ለእሱ መለኪያ አላገኘሁለትም።

"አባባ?" አለኝ የሚኒባሱ ሹፌር።

ጄሪካኗን አልሰጠሁትም፤ ይዣት ወረድኩ። እሱ ኮፈኑን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ አቀበልኩት። ሲያንቆረቁር አንገቴን አስግጌ እያንዳንዷ ጠብታ የት እንደምትገባ አየሁ። ሁሉም ራዲያተር ውስጥ ገባ። ሰውየው ምንም አላጠፋም።

ባዶዋን ጄሪካን ይዞ መጥቶ ጋቢናውን ከፈተልኝ። "ይግቡ አባባ፣ ብርድ ነው" አለኝ።

ገባሁ። ከተማ እስክንደርስ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ምስኪኑ ሹፌር በምን እንዳስቀየመኝ ሲያስብ ሳይውል አልቀረም።