ከፋሲካ በኋላ የመዘንኩት ዓሣ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለመሥሪያ ቤቴ ግማሹን ተናግሬያለሁ፤ ለአንድ ሽማግሌ ደግሞ ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርጌ። ያደግሁት አዳማ ውስጥ ጴንጤ ቤት ስለሆነ የንስሐ አባት የለኝም። አንባቢዬ፣ እስቲ ለዛሬ እርስዎ ይሁኑልኝ። ቢቆጡኝም አልቀየምም።

ሥራዬ ዓሣ መገመት ነው። አይሳቁ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። እኔ በተመደብኩበት የዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ ከጀልባ ሲወርድ መዝግቦ የሚይዝ የለም። ከፊሉ እዚያው ይበለታል፣ ከፊሉ በሞተር ብስክሌት ይበራል፣ ከፊሉ በየቤቱ ይገባል፤ አንጀቱን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ተሻምቶ ይውጠዋል። ስለዚህ እንደ እኔ ያለው ባለሙያ ጥቂት ሳምንታት ዳር ላይ ተቀምጦ ያየውን ይመዝናል፣ ከዚያ ተነስቶ የዓመቱን ያሰላል። እንግዲህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በየትኛው ወቅት እንደተቀመጡ ነው።

እኔ የተቀመጥኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። በጀቱ ዘግይቶ ስለተለቀቀ ነው፤ በዚህ አልከሰስም። ግን ከፋሲካ በኋላ ዓሣ ማን ይበላል? በሁዳዴ «ዓሣ ይፈቀዳል» የሚል ጿሚ ሁሉ ዓሣ ቤት ይሰለፋል፤ ጾሙ ሲፈታ ሰልፉ ወደ ሥጋ ቤት ይዞራል። አስጋሪውስ ማን ሊገዛው ብሎ መረብ ይጥላል? ይህን አላወቅሁም ልል አልችልም። አባቴ አዳማ ላይ ምግብ ቤት ነበረው፤ በፋሲካ ማግስት የዓሣ መጥበሻውን አጥቤ የምሰቅለው እኔ ነበርኩ። አውቅ ነበር። እያወቅሁ አደረግሁት።

ሐይቁ ዳር የተቀበሉኝ ኦቦ ሁሴን የሚባሉ አስጋሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያ ውሃ ላይ የኖሩ፣ እኔን በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ሴት ልጄ፣ እያሉ የሚጠሩኝ ሰው። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ፤ ሁለታችንም ሁዳዴ አንጾምም። ዓሣው ግን ከሁዳዴ ውጭ ገበያ የለውም። ጀልባቸው ዳር ላይ ተገልብጣ፣ እሳቸው ጥላ ሥር መረብ ሲጠግኑ እያየሁ፣ የመጣችውን ጥቂት የቆሮሶ ዓሣ መዘንኩ። ያችን ጥቂት በዓመቱ ቀናት አባዛሁ። ጀልባዎቹ የቆሙት ገበያ ስለሌለ መሆኑን ትቼ «ዓሣው ተመናምኗል» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ለምን? ጉቦ አልበላሁም። ሐይቁ እየሞተ ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ አይቻለሁ፣ ዛሬም ጤነኛ ነው አልልም። ዝቅ ያለ ቁጥር ባመጣ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ይሰማል አልኩ። ይህ የሚያምረው ምክንያት ነው። የማያምረውን ልጨምር፤ መሰማት ናፍቆኝ ነበር። ለጥናቱ ተጨበጨበለት፣ እኔም ሹመት አገኘሁ። እሑድ ቸርች መድረክ ላይ ወጥቼ «ጌታ ከፍ አደረገኝ» ብዬ መሰከርኩ። ጉባኤው «አሜን» ሲል እንዴት አላፈርኩም? ለማንም ያልነገርኩት ይህንን ነው።

በጥናቴ ምክንያት ያ የዓሣ ማውረጃ ተዘጋ፤ መረብ መጣልም ተከለከለ። ኦቦ ሁሴንን እንደገና ያገኘኋቸው ሞጆ ነው። ወደ አዳማ ስመለስ ከደረቅ ወደቡ አጠገብ ሻይ ልጠጣ ቁጭ እንዳልኩ፣ አቧራ የለበሱ ሽማግሌ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ!» ብለው እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉ። ጀልባዋን ሸጠው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ጭነት እያወረዱ ይኖሩ ነበር። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐይቁ አገገመ ወይ? እኛ ስግብግቦቹ ጨረስነው አይደል?»

ቁጥሬን አምነውት ነበር። ጀልባቸውን ማሳጣቴ ሳያንስ ያላጠፉትን ጥፋት አሸክሜያቸው ነበር። እኔስ ምን አልኩ? «እየተሻለው ነው» አልኩ። ሻያቸውን ከፍዬ ወጣሁ። ሻይ!

ከዚያ ወዲያ ዓሣ ሲነሳ ያመኝ ጀመር። ወራት ቆይቼ ለመሥሪያ ቤቴ ግምቱ የተሳሳተ መሆኑን አሳወቅሁ፤ «የወቅት አመራረጥ ስህተት» የሚል ቆንጆ ስም ሰጥቼ። ሹመቱ ተነሳ፤ ይበለኝ። ቆጠራው ግን በጾሙም በፍስኩም ወቅት እንዲደገም፣ እስኪያልቅም ማውረጃው እንዲከፈት ተወሰነ። ይህን ለማብሰር ሞጆ ሄድኩ። ለኦቦ ሁሴንም «ስህተት ነበር» ብዬ ጀመርኩ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። «ስህተት አይደለም፤ አውቅ ነበር። እርስዎ ምንም አላጠፉም» አልኳቸው።



«ልጆቼን፣ ሐይቁን የጨረስነው እኛ ነን፣ ሌላ እንጀራ ፈልጉ እያልኩ ነው የከረምኩት» አሉ። «አላህ ይይልሽ!» ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ጭነታቸው ሄዱ። ልክ ነበሩ።

ዘንድሮ በሁዳዴ ግን ተመልሰዋል። በተዋሱት ጀልባ ከትልቁ ልጃቸው ጋር ይወጣሉ፣ ፀሐይ ሳትከር ይመለሳሉ፤ ዳሩ በገዢ ጫጫታ ደምቋል። እኔ እመዝናለሁ። አንዳንድ ቀን መረቡ ሞልቶ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ያሳዝናል፤ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ሐይቁ ደክሟል፣ ግን ገና ሰው ያበላል። የዓመቱ ግምት ምን እንደሚል አላውቅም፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ አለማወቅ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዓሣቸውን እየመዘንኩ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ቀጥለው አራገፉ።

«አሁንማ ማንም ይመጣል» አሉ። «ፋሲካ ይለፍ፣ ገበያው ይሙት። ያኔም ከመጣሽ መልሱን እነግርሻለሁ።»

አንባቢዬ፣ እርስዎም እኔን ለመፍታት አይቸኩሉ። ፋሲካ ሲያልፍ እዚያው ነኝ። ጀልባ የማይወጣበትን ቀን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ፤ ኦቦ ሁሴን ይቅርታቸውን ቢነፍጉኝም እጽፋለሁ።