የልብስ ሰፊው ቲማቲም

በዚያ ሰፈር፣ ድሮ፣ ንጋትን የሚያበስረው የስፌት መኪና ነበር። ከመንገዱ ማዕዘን ካለችው ጠባብ ሱቅ «ተከ ተከ ተከ፣ ትርርር» የሚለው የእግር መኪና ድምፅ ሲሰማ፣ እናቶች «ተነሱ እንጂ፣ ልብስ ሰፊው እንኳ ጀምሯል!» እያሉ ልጆቻቸውን ከብርድ ልብስ ውስጥ ይጎትቱ ነበር። ድምፁ ሲቋረጥ ደግሞ የሻይ ሰዓት መድረሱን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ሳያዩ ያውቁት ነበር።

ያን መኪና ዕድሜውን ሙሉ የረገጠው ሰው ቀጭን፣ ረጅም፣ ከከንፈሩ መርፌ የማትጠፋ ሰው ነበር። ሲስቅ እንኳ መርፌዋ እንዳትወድቅበት በአንድ ጉንጩ ብቻ ይስቃል። ደንበኞቹ ያወጡለት ስም «ጋሽ እራፊ» ነው፤ እራፊ ጨርቅ አይጥልማ! ከሱሪ የተረፈው ለኪስ፣ ከኪስ የተረፈው ለመጣፊያ፣ ከመጣፊያ የተረፈው ትራስ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀልደኛ ደንበኛው ልኬት ሲወሰድለት፣ «ጋሽ እራፊ፣ አደራዎን፣ እኔም ከሱሪው የተረፍኩ መስሎዎት ትራስ ውስጥ እንዳይከቱኝ» ብሎት ነበር ይባላል።

ዘመን አለፈ። የተሰፋ ልብስ በክምር እየመጣ በየመንገዱ ዳር ተሰጣ፤ ሰውም ልኬት ሰጥቶ ከሚጠብቅ እዚያው ለብሶ መሄድን መረጠ። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘጋ። መኪናውን በጋሪ ጭኖ ከታላቅ እህቱ ጋር ወደሚኖርበት ወደ እናትና አባቱ ቤት ወሰደና መስኮት ሥር አስቀምጦ አንሶላ አለበሰው።

እህቱ ጡረታ የወጣች የሂሳብ መምህርት ናት። ጠመኔ ካስቀመጠች ቆይታለች፤ አመልካች ጣቷ ግን እስከ ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ይፈልጋል። ቤቱን እንደ ክፍል ታስተዳድረዋለች። ቀን ቀን ሱቅ ይውል የነበረው ወንድሟ ከቤት ሲውልባት፣ የክፍሉ ብቸኛ ተማሪ እሱ ሆነ።

«እግርህን አንሳ፣ ልጥረግበት።»

አነሳ።

«ከዚያ ወንበር ላይ ተነስ፣ ጨርቁ ይሳሳል።»

ተነሳ።

«ምነው መሃል ቤት ተገተርክ? ቤቱ ምሰሶ ጎደለው አሉህ እንዴ?»

እንዲህ ሲባረር፣ ሲባረር፣ በመጨረሻ ጓሮ ደረሰ። ጓሮው አንድ ሰፊ አልጋ ልብስ ቢዘረጉበት ጠርዙ ብቻ የሚተርፍ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ የተወሸቀ ባዶ መሬት ነው። የእህቱ መጥረጊያ የማይደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ስለ ነበር ልብስ ሰፊው ወደደው። ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥበታል፤ እግሩን አንሳ የሚለው የለም።

አንድ ቀን እህቱ በወጥ ቤቱ በር ብቅ አለች።

«እንዳትለምደው» አለችው። «ሊሾ ላስደርገው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው እየተከተለኝ ወጥ ቤት ይገባል። የጎረቤታችንን ግንብ የሚሠራውን ግንበኛ አነጋግሬዋለሁ፤ ያንን ሲጨርስ የተረፈውን ሲሚንቶ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል።»

ልብስ ሰፊው በሲሚንቶ የተለሰነ ጓሮ ምን እንደሚሆን ወዲያው ገባው፤ የሚጠረግ ይሆናል። የሚጠረግ ነገር ሁሉ ደግሞ የእህቱ ግዛት ነው። ከዚህ ወዲያ የሚባረርበት ቦታ የለውም።

«እትዬ፣ እኔኮ አትክልት ልተክልበት አስቤ ነው» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ አትክልት አስቦ አያውቅም።

«አትክልት? አንተ? ከቁልፍ ሌላ ምን ተክለህ ታውቃለህ?»

«እጅ ያው እጅ ነው።»

«እኔ ለዘር ብዬ ገንዘብ አላወጣም።»

«ማን አውጪ አለሽ? ሰባራ ሳንቲም አይወጣም።»

መምህርቷ ይህን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ አለች። አመልካች ጣቷ ተነሳ። «እንግዲያው ስማ። ግንበኛው ያንን ግንብ እስኪጨርስ ድረስ ከዚህ መሬት ለቅሜ ገበታ ላይ የማቀርበው ነገር ከተገኘ፣ ጓሮው ያንተ ነው። ካልተገኘ ሊሾ። ማልቀስ የለም።»

«ማልቀስ የለም» አለ ልብስ ሰፊው።

ደግነቱ ግንበኛው የሚቸኩል ሰው አልነበረም። አንድ ድንጋይ ያስቀምጥና ቱንቢውን ጥሎ ያየዋል፤ ከዚያ ደክሞት ያርፋል። አሸዋ ሲያልቅ ይጠፋል፤ አሸዋው ሲመጣ እሱ አይመጣም። ልብስ ሰፊው በየማታው ግንቡን እያየ ያመሰግነው ነበር።

የአትክልቱ አጀማመር እንደ ባለቤቱ ነው። መንገድ ዳር ከምትቸረችረው አትክልት ሻጭ ዘንድ ሄዶ የፈረጠ ቲማቲም ለመነ።

«ለፍየል ነው?» አለችው።

«ለዘር ነው።»

ሳቀችና የፈረጡትን በፌስታል ሰጠችው። «ብቻ ውኃ አያብዙበት፣ ጋሼ። ቲማቲም ጠጥቶ ከጠገበ ቅጠል እንጂ ፍሬ አያስብም» ብላ መከረችው።

ዘሩን አጥቦ በገበር ቁራጭ ላይ አሰጣ። አፈሩን በድንች ልጣጭ፣ በሻይ ቅጠል አተላና በእንቁላል ቅርፊት አወፈረ። ችግኝ ያፈላው በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከመክተፊያ ላይ የለቀመውን የቃሪያ ዘር ደግሞ ሶሉ አፉን በከፈተ አሮጌ ቦት ጫማ ውስጥ ዘራው።

«ያ የአባባ ጫማ አይደለም?» አለች እህቱ።

«ነው።»

«አባባ ቢያይ ምን ይላል?»

«ሶሉን አሠሩልኝ እያለ ስንት ዘመን ለመነን። አሁን ቢያንስ ቃሪያ በቀለበት፤ ይጽናናል።»

መደቡን እንደ ኮት ነበር የቀደደው። በሜትር ለካ፤ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ሊያሰምር ሞከረ፤ ጠመኔው እርጥብ አፈር ላይ አልጽፍ ሲለው ክር ወጥሮ አሰመረ። ችግኞቹን እንደ ኮት ቁልፍ እኩል እኩል አራርቆ ተከላቸው። ወገባቸው እንዳይጎብጥ ከሱቁ ያመጣቸውን የልብስ መስቀያዎች ደገፈላቸውና በገበር ቅዳጅ አሰራቸው። ከሩቅ ላየው ጓሮው አረንጓዴ ኮት የሚሸጥበት ሱቅ ይመስል ነበር። በየማለዳው፣ እህቱ ሳትነሳ፣ የአትክልት እጣቢ በተበሳሳ ጣሳ ለየአንዳንዱ ችግኝ በልኩ ያንጠባጥብለታል። የሻጯን ምክር አልረሳም።

ችግኞቹ አደጉ። እንዴት ያለ እድገት! ቅጠላቸው መስቀያውን ዋጠው፤ ግንዳቸው እንደ አውራ ጣት ወፈረ። ፍሬ ግን ከቅጠሉ ሥር ጥቂት ብቻ ታየ፤ እሱም አረንጓዴ፣ እንደ ጠጠር የጠጠረ፣ ልቅላ የማይል። የቃሪያውም ነገር እንደዚያው ነው፤ ቅጠል በቅጠል።

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል» ትላለች እህቱ ስታልፍ፤ «ስለ ቲማቲም ግን የተባለ ነገር የለም።»

«ታገሺ፣ እትዬ።»

«እታገሣለሁ። እስከዚያው ፍየል ልግዛልህ? ቅጠሉ እንዳይባክን።»

እንዲህ ሲሉ ግንበኛው፣ ሳይታሰብ፣ የመጨረሻው የድንጋይ ድርድር ላይ ደረሰ። አንድ ቀን ከግንቡ አናት ሆኖ፣ «እትዬ መምህርት! ከነገ ወዲያ የእርስዎ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ባልዲው ላይ እንደ ተቀመጠ አረንጓዴዎቹን አያቸው። እነሱም አዩት።

በማግሥቱ እህቱ ልጇን ልትጠይቅ ወጣች። በሩ ከመዘጋቱ ልብስ ሰፊው አትክልት ሻጯ ዘንድ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ዛሬም የፈረጠ?»

«ዛሬስ ቀይ፣ ያማረ፣ ጅራቱ ያልወለቀ።»

«ለዘር?»

«ለመልክ» አለና፣ ጥርሱን የሚነቅሉት ያህል እያመመው፣ ከፈለ።

ባልዲው ላይ ተቀመጠ። አረንጓዴ የሐር ክር መረጠ። መርፌዋን ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ከንፈሩ መለሰ። ያልበሰሉትን ፍሬዎች ቅጠሉ ውስጥ ሸሸጋቸው፤ የቀዮቹን ጅራት ከግንዱ ጋር በስውር ስፌት ገጠመ፤ ድሮ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ የሚዘመዝምበት፣ ሙሽሪት ራሷ ፈልጋ የማታገኘው ስፌት። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየ። አንዱን «ይህ ትከሻው ወድቋል» ብሎ ፈታና እንደገና ሰፋው። ሥራ ላይ ያለ ልብስ ሰፊ ዓይኑን ከመርፌው አያነሳም፤ ስለዚህ ቀና ብሎ ወደ ግንቡ አላየም።

እህቱ ስትመለስ ጓሮው በር ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ይሄ መቼ ቀላ?»

«ዛሬ ፀሐይዋ በርትታ ዋለች።»

«ጠዋት አረንጓዴ ነበርኮ!»

«አንቺ ስትናደጂ ለመቅላት ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

እጇን ዘርግታ አንዱን ልትቀጥፍ ስትል ዘሎ መሃል ገባ። «ተይ! ነገ እኔ በመቀስ እለቅመዋለሁ።»

«በመቀስ?»

«ቲማቲም በእጅ ሲነጥቁት ይከፋዋል። ሁለተኛ አያፈራም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትከራከረው ነበር። ዛሬ ግን ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋን ለመደበቅ «ጫማህን ጥረግ» አለችው፤ ጫማው ንጹሕ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን እንደገና ጠረገው።

«ቃል ቃል ነው» አለች። «ግንበኛውን ነገ ለምሳ ጠርቼ ሊሾው መቅረቱን እነግረዋለሁ። ባዶ እጁን ከሄደ አይቀር፣ ባዶ ሆዱን አይሂድ።»

በማግሥቱ ግንበኛው ቅንድቡ ላይ የሲሚንቶ ዱቄት እንዳለበት ገብቶ ተቀመጠ። ገበታው ላይ ዳቦና ከሽንኩርት ጋር በዘይት የታሸ ቲማቲም ቀርቧል። ግንበኛው ወደ ልብስ ሰፊው እያየ በጢሙ ውስጥ ይስቃል፤ ልብስ ሰፊው ዳቦውን ይመረምራል።

«ይጣፍጣል?» አለች መምህርቷ።

«እጅግ።»

«ከጓሯችን ነው። እንግዲህ አትቀየመኝ፤ መሬቱ ፍሬ ስለ ሰጠ ሊሾው ቀርቷል።»

የግንበኛው ሳቅ ጠፋ። «ቀርቷል?» አፉን ሊከፍት ሲል ልብስ ሰፊው ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው፤ ልማድ ሆኖበትም እንደ መኪናው ረገጠ፣ ረገጠ፣ ረገጠ።

«ጋሽ እራፊ፣ ኮት ቢሰፉብኝም እናገራለሁ!» አለ ግንበኛው እግሩን እየሰበሰበ። «እትዬ፣ ይሄ ቲማቲም የገበያ ነው። ትናንት እርስዎ ሲወጡ በመርፌ ሰፍተውት ነው። ከግንቡ ላይ ሆኜ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።»

«ሰፍተውት?»

መምህርቷ ሹካዋን ወደ ሳህኑ ሰደደች፤ ገለበጠች፤ አንዲት አረንጓዴ ክር አወጣች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየቻት።

«ትምህርት ቤት ቢሆን ወላጅ አስጠራ ነበር» አለች።

«ወላጆቻችንማ የሉም፣ እትዬ» አለ ልብስ ሰፊው በቀጭን ድምፅ።

ግንበኛው እዚህ ላይ ዝም ቢል ጓሮው በእጁ ነበር። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ያሸነፈ ሰው የሚያወራውን ያህል አወራ። «ከግንቡ የማይታይ የለምኮ! እርስዎም ከሰዓት ከሰዓት፣ ጋሽ እራፊ ሲያሸልቡ፣ በሳፋ ውኃ ይዘው ብቅ ሲሉ በየቀኑ አይዎት ነበር። እኔማ፣ ሊሾ የምትፈልግ ሴት ምን አድርጊ ብሏት ታጠጣለች እያልኩ…»

አሁን የቀላችው እህት ናት።

«በየቀኑ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«የእህል እጣቢ ነው። ከምደፋው ብዬ ነው።»

«በሳፋ?»

«ቀን ቀን ጠውልገው ሲያዩኝ አላስችል አለኝ! ምሳ እንዳልበላ ተማሪ ነበር የሚያዩኝ።»

ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። «ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት አንቺ! ሻጯ ውኃ አያብዙበት ብላኝ፣ እኔ በጣሳ የምመጥንላቸውን፣ አንቺ በሳፋ! አሰጠምሻቸው እኮ፣ እትዬ! ቅጠል ብቻ የሆኑት በማን መሰለሽ?»

«ብትነግረኝ ኖሮስ?»

«ብትጠይቂኝ ኖሮስ?»

«ታዲያ ሊሾው…» አለ ግንበኛው።

«አንተ ቆይ!» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት አታጠጣም» አለች መምህርቷ፤ ጣቷ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «እኔ ነኝ የማጠጣው።»

«ሳፋ ይዘሽ አጠገባቸው አትደርሺም!»

«በጣሳ! ደግሞ ያንን ሁሉ አረንጓዴ ፍሬ የት ደበቅከው?»

«ቅጠሉ ውስጥ።»

«አውጣው፣ ፀሐይ ይንካው! በግራ በኩል ደግሞ ጎመን ይገባል።»

«የምን ጎመን?»

«እኔ የምተክለው ጎመን ነዋ!»

«በግራ በኩል ቃሪያ አለ።»

«ቃሪያው ያለው ጫማ ውስጥ ነው፤ ጫማ ይነሳል!»

«ጫማው ፀሐይ ለምዷል፣ እትዬ!»

ግንበኛው አንዱን አየ፤ አንዷን አየ። ጠርሙሱ፣ ሳህኑና የዳቦ መክተፊያው በጠረጴዛው ላይ የጎመኑንና የጫማውን ቦታ ለማሳየት ወዲያና ወዲህ መሄድ ጀምረዋል፤ የእሱም ኩባያ ተነጥቆ ጎመን ሆኗል። የተረፈችውን ዳቦ ኪሱ ከተተ፤ ባርኔጣውን አንስቶ «ደህና ዋሉ» የሚልበት ክፍተት ጠበቀ። ክፍተት አልተገኘም። በሩን ቀስ አድርጎ ከፈተና ወጣ።