ዱሺክና እማማ ኦክሱን በሰኞው ድራማ ፊት

ዱሺክ በድራማው ላይ ቂም የያዘው ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ወዶት ነበር። እንዲያውም ሰኞ በደረሰ ቁጥር የብርድ ልብስ ሱቁን ቀደም ብሎ እየዘጋ ወደ ቤት ስለሚገሰግስ፣ የዶንግዴሙን ገበያ ጎረቤቶቹ «ሰውዬው ሰኞ ሰኞ ምን ነክቶታል?» መባባል ጀምረው ነበር።

ድራማው «የአራተኛው ፎቅ መብራት» ይባላል። ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር ነው፤ አንዱ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል፣ ሌላው ሕፃናትን ዋና ያስተምራል። ዱሺክ ሃምሳ ዓመት አልፎት እንዲህ ያለ ነገር በሳሎን ቴሌቪዥን፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ያውም አብሮት ከሚኖረው ከሃንጉ እናት ጎን ተቀምጦ ያያል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ግን መቆጣጠሪያውን የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ የመረጡትም እሳቸው።

እማማ ኦክሱን ከሚኖሩበት ከአንዶንግ ከተማ የመጡት ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ነው። እስኪጠነክሩ ልጃቸው ቤት ይቆያሉ፤ ከዚያ ሰማንያኛ ዓመታቸው እዚሁ ሴኡል ይከበርና ይመለሳሉ። ሃንጉ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ማታ ማታ የለም። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ሁለቱ ብቻቸውን፣ መሐላቸው አንድ ሳህን የተላጠ የፒር ፍሬ አስቀምጠው ያያሉ። እማማ ድራማውን የከፈቱት ስለ ፍቅሩ አይደለም። የዋና አስተማሪው እናት ሆና የምትሠራውን ተዋናይት ከልጅነቷ ጀምሮ ስለሚወዷት ነው።

«እሷ ካለችበት የውሾች ድራማም ቢሆን አያለሁ» ብለው ነበር መጀመሪያ ቀን።

በዚህ ቤት ዱሺክ የሃንጉ ደባል ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ደባል! ሃንጉና እሱ አብረው መኖር ሲጀምሩ ሁለቱም ፀጉራቸው ጥቁር ነበር። እማማ በመጡ ቁጥር ዱሺክ ፍራሹን እየጎተተ የሱቁ ጥጥ ወደሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ይገባል፣ የጥርስ ብሩሹን ሳይቀር ይዞ። የሃንጉ ቤተሰብ ድግስ ሲኖረው ይጠራል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሳህን ያነሳሳል። የፎቶው ሰዓት ሲደርስ ግን አንዱ ካሜራውን ያቀብለውና «ዱሺክ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ እስቲ አንሳን» ይለዋል። አንዶንግ ያለው የቤተሰቡ አልበም እሱ ባነሳቸው፣ እሱ በሌለባቸው ፎቶዎች ሞልቷል።

በዚህ በሰማንያኛው ዓመት ግን ፎቶው ውስጥ መግባት ፈልጓል። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ለሃንጉም ነግሮታል።

«ትንሽ ታገስ» አለው ሃንጉ፣ ካልሲውን እያወለቀ። «አሮጊት ናት፤ ድንጋጤ አይሆንላትም።»

ታገስ። ይህችን ቃል ዱሺክ ስንት ጊዜ እንደዋጣት ጨጓራው ይንገር።

እና ድራማው። እውነት ለመናገር አጀማመሩ ግሩም ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ሁለቱ ልጆች ዝናብ እየዘነበ መስኮቱን ማን ክፍት ተወው ብለው ተጣሉ። ዝናቡ ወለሉን አርሶ፣ አንዱ በጨርቅ እያበሰ፣ ሌላው እያጉረመረመ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጠው ከአንድ ድስት ኑድል በሉ። ምንም ሙዚቃ የለም፤ ዝናቡ ብቻ። ዱሺክ ሆዱ ባባ። እንዲህ ነው እኮ!

«ይሄ እውነት ነው» አሉ እማማ። «የሃንጉ አባትም እንዲሁ መስኮት ከፍቶ ይረሳ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ሞቶም አልዘጋውም።»

በሦስተኛው ክፍል ልጆቹ አንድ ትንሽ ሾርባ ቤት ገቡ። ባለቤቶቹ ስድሳ ያለፋቸው ሁለት ወንዶች ናቸው። አንደኛው ሾርባ እየቀዳ፣ ሌላኛው መድኃኒቱን ከውሃው ጋር አምጥቶ ማንኪያው አጠገብ ያስቀምጥለታል። ምንም አልተባባሉም። አንዱ ዋጠ፣ ሌላው ብርጭቆውን ይዞ ሄደ። ዱሺክ በያዘው ፒር ላይ ጥርሱን ማሳረፍ አቃተው። በሕይወቱ ራሱን በቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም፤ ያን ዕለት አየ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠፉ። በአራተኛው ክፍል ጠበቃቸው፣ የሉም። በአምስተኛው ልጆቹ በዚያ ሾርባ ቤት በር አለፉና ሊገቡ ነው ብሎ ከሶፋው ተነሳ። አልገቡም። ባሕር ዳር ሄደው አሸዋ ላይ ሮጡ።

«የት ገቡ ሰዎቹ?» አለ ዱሺክ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«የትኞቹ?»

«ሾርባ ቤቶቹ ናቸዋ! አሳይተውን የት ወሰዷቸው?»

«ደራሲዋ ረሳቻቸው» አሉ እማማ ፒር እየላጡ። «የተሸበሸበ ፊት ማን ያያል ብለህ ነው? አንተም አሸዋውን እይ።»

ዱሺክ አንጀቱ አረረ። ከዚያ ወዲያ ያ ድራማ ያደረገው ነገር ሁሉ አላማረውም። ልጆቹ ከልክ በላይ መልከ መልካም ናቸው፤ የሚኖሩበት ቤት ወንዙን ቁልቁል ያያል፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍለው አይታወቅም። በጨረቃ በዓል አገሩ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲጎርፍ እነሱ ሰገነት ላይ ወይን ይጠጣሉ። እንዴ! ለዱሺክ እኮ ከዓመቱ ሁሉ ከባዱ ቀን ያ ነው፤ ሃንጉ አንዶንግ ሄዶ እሱ ባዶ ቤት ማደር እየከበደው በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ወለል ላይ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የሚያድርበት። ያን ያልጻፈ ሰው ስለ እነሱ ምን ጻፈ ይባላል? ሊሳሳሙ ሲሉ ደግሞ ካሜራው ሸሽቶ መጋረጃው ላይ ይሄዳል።

«መጋረጃ ልንገዛ ነው እንዴ የተቀመጥነው?» አሉ እማማ አንድ ቀን። ዱሺክ አፍሮ እስከ ጆሮው ቀላ።

የእማማ ትችት ግን ሌላ ነበር። በስድስተኛው ክፍል የዋና አስተማሪው እናት የሁለቱን ነገር ስትሰማ፣ ሻይ ቤት ጠርታ በልጇ ወዳጅ ፊት ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ደፋች። ተዋናይቷ ደፍታ ስትጨርስ የገዛ እጇን ስታየው፣ እማማ ኦክሱን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሥራዋን ትችላለች። ነገሩ ግን ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው።»

የመጨረሻው ሰኞ ደረሰ። ያቺ ውሃ የደፋች እናት፣ ማን እንደመከራት፣ ምን እንዳሰበች ሳይነገረን፣ ባማረ ልብስ መጥታ ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አቅፋ አለቀሰች። ሙዚቃ። የሚረግፍ አበባ። አለቀ። ዱሺክ ተናድዶም እንባው ወረደ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደው።

«ውሸት» አሉ እማማና ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረጉት። «ባለፈው ሳምንት ውሃ የደፋች ሴት ዛሬ እንዲህ አታቅፍም። የመሐሉ የት ሄደ? ደራሲዋ ደክሟት ነው እንጂ።»

ዱሺክ ከዚያ በፊት በእማማ ላይ ድምፁን አንስቶ አያውቅም። ያን ማታ ግን አፉ ቀደመው።

«እሺ፣ እውነተኛ እናት ምን ታደርግ ነበር? ይንገሩኛ! አታቅፍ፣ ውሃ አትድፋ፣ ምን ታድርግ?»

እማማ ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ዝም ትላለች» አሉ። «የሐር ብርድ ልብስ ሲላክላት ተቀብላ ዝም ትላለች።»

ዱሺክ ደነዘዘ። እሱ የሙሽራ ብርድ ልብስ ሰፊ ነው። ሙሽሮች ለአማቶቻቸው የሚልኩትን የሐር ብርድ ልብስ ከነትራሱ፣ ከነመቀመጫው እየሰፋ፣ በቀይ ጨርቅ እየጠቀለለ ነው የኖረው። ከሃንጉ ጋር ቤት የተከራዩ ጊዜ፣ በልግስና ይሁን በደስታ ወይም በጅልነት፣ የእጁን ሥራ ለእናቱ ልኮ ነበር። ከነትራሱ። በቀይ ጨርቅ። ይህን ሲያደርግ ምን እያደረገ እንደሆነ ለራሱ እንኳ አልነገረም።

«ቀዩን ጨርቅ ስፈታው እዚያው ቁጭ አልኩ» አሉ እማማ። «ደባል ለደባሉ እናት ብርቱካን ይልካል። ይህን የምትልክ ማን እንደሆነች ነጋዴው አንተ አታውቅም? ሃንጉን ብጠይቀው ይዋሸኝ ነበር። መልሼ አልላክሁትም። ተኛሁበት። ዛሬም እተኛበታለሁ።»

ዱሺክ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስ አላለውም፤ ንዴት ነው ከእግሩ ጀምሮ የወጣበት።

«ታዲያ እኔ በመጡ ቁጥር ፍራሽ እየጎተትኩ ጥጥ መሐል የምተኛው ለማን ብዬ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሃንጉ ስለሚያንኮራፋ ሸሽተኸው መስሎኝ።»

«እማማ!»

«ምን ልበልህ? ተቀበልኩ እያልኩህ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«እሑድ፣ በልደትዎ ፎቶ ስንነሳ፣ ‹ና› ይበሉኝ» አለ ዱሺክ። «አንዲት ቃል ናት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ዱሺክ፣ ና› ይበሉኝ።»

እማማ ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ «ደክሞኛል፣ አስነሳኝ» አሉት። ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኝታቸው ወሰዳቸው፤ እሱ ወደ ጥጡ ገባ።

እሑድ ለልደቱ ድግስ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ለብቻ ተይዞ፣ የሩዝ ኬኩና ፍራፍሬው በጠረጴዛው ላይ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ እማማ ሐምራዊ ባህላዊ ልብሳቸውን ለብሰው መሐል ተቀመጡ። ልጅ የልጅ ልጁ በየተራ ሰገደላቸው። የሃንጉ እህት ባል ዳልሱ እንደ ወትሮው ስልኩን አወጣና ለዱሺክ አቀበለው።

«በል እንግዲህ፣ ባለሙያው!»

ዱሺክ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ኋላ ተራመደ። ፊት ለፊት እማማ፣ በቀኛቸው ሃንጉ፣ ከሃንጉ ወዲያ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። የዳልሱ ሴት ልጅ ልትቀመጥበት ስትል እማማ በምርኩዛቸው መለሷት።

«እዚያ አይቀመጥም። ከኋላ ቁሚ።»

«ባዶ ነው እኮ፣ አያቴ።»

«ከኋላ ቁሚ አልኩ።»

የታላቁ ልጅ የሃንጉ ሚስት ብትኖር የምትቀመጥበት ቦታ ነው፤ በዚያ ቤተሰብ ይህን የማያውቅ የለም። ዱሺክ በስልኩ መስኮት ወንበሩን አየው። እማማ እሱን አዩት፣ ከዚያ ዞረው ሃንጉን አዩት፤ ዐይናቸውን ከልጃቸው ፊት ላይ ሳያነሱ ቆዩ። ሃንጉ ክራባቱን አስተካከለና ወደ ካሜራው ፈገግ አለ።

ዱሺክ ጠበቀ። አንዲት ቃል። ከየትኛውም አፍ ትምጣ። ዳልሱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

«አንሳን እንጂ፣ ፊታችን ደረቀ!» አለ ዳልሱ።

አነሳቸው። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ማታ፣ እማማ ከሴት ልጃቸው ጋር ወደ አንዶንግ ከሄዱ በኋላ፣ ሁለቱ በምድር ባቡር ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለሱ። ሃንጉ ዳልሱ የላከለትን ፎቶ ከፍቶ፣ በሁለት ጣቱ እያሰፋ ብዙ ጊዜ አየው።

«እማዬን አየሃት? ወደ ካሜራው አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ወንበር ለማን ብላ ነው ባዶ ያስቀረችው?» አለ።

ዱሺክ ወደ እሱ ዞረ።

«አጠገብህ ነበር እኮ» አለው። «አንተስ ለምን ‹ና› አላልከኝም?»