የእንገሩ ጎሜ

ከጨንቻ ከፍ ብሎ፣ ገብስና እንሰት በሚበቅልበት ደጋ፣ ላም ስታምጥ ሻሺቱ ሳትጠራ የሚወለድ ጥጃ አልነበረም። በእግሩ የመጣውን ጥጃ እንኳ ሳታንገላታ ታወጣዋለች። አንድ ደንብ ግን ነበራት፤ ከአማቷ የተማረችው፣ እሷም በተራዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማረችው። የላሟ የእንግዴ ልጅ ሳይወርድ ጥጃው እንገር አይቀምስም። «ከጠባ የእንግዴ ልጁ ወደ ላይ ይሸሻል» ትላለች፤ ማንም አይከራከራትም።

አንዳንዱ ቶሎ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ይቆያል። ጥጃው በደጋው ጉም ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃል። አንዳንዱ ጥጃ ይተርፋል፤ አንዳንዱ ጉልበቱ ይከዳውና እንደተኛ ይቀራል።

ሲሞት ሽማግሌዎች የቤቱን ሰው ይጠይቃሉ። ነውር ተሠርቶ ሳይነገር ከቀረ ጋሞዎች ጎሜ ይሉታል፤ ጎሜ በሰውም በከብትም ላይ ይወርዳል። ሰው መቼም ባላወቀው ነገር ዳኛ መሆን ይወዳል። በ2003 ዓ.ም. የአስቴር ጥጃ ስትሞት፣ አስቴር ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ሜዳ ቆማ ጥፋቷን እንድትናገር አዘዟት። ብታስብ ብታስብ አጣች። በመጨረሻ «ባሌ ታሞ ሳለ አንድ ቀን ተቆጥቼዋለሁ» ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ፣ ይኸው ተገኘ ብለው መረቁ። ሻሺቱም እዚያው ተቀምጣ አሜን ብላለች።

በ2005 ታኅሣሥ፣ ሃና የምትባል የእንስሳት ተመራማሪ ከአርባ ምንጭ ወደ መንደሩ ወጣች። ሥራዋ አዲስ የተወለዱ ጥጆችን መመዘን፣ ጭናቸውንም አደንዝዛ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሥጋ መውሰድ ነበር። በዚያው ሳምንት የአስቴር ላም ጠዋት ወለደች። ጥጃዋ ስትቆም ሃና «ትጥባ» አለች።

«ቆይ ልጄ፤ የእንግዴ ልጁ አልወረደም» አለች ሻሺቱ።

«እማማ ሻሺቱ፣ ይቺ ስትወለድ ያላት ስብ ጥቂት ነው። ሲበርዳት የሚያሞቃት የጡንቻዋ መንቀጥቀጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ይዛው የመጣችውን ስንቅ ይጨርሳል። እንገር ካላገኘች ምን ይተካዋል?» ስለምትወስደው ሥጋም ነገረቻት። በጡንቻ ውስጥ ግንደ ህዋስ የሚባሉ አሉ፤ እንደ ዘር ናቸው፤ ኋላ ጡንቻ የሚያድገውም የሚጠገነውም በእነሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ረሃብ እነሱንም ይጎዳ እንደሆነ ነበር የምታጠናው።

ሻሺቱ የዘሩን ነገር ብዙም አልሰማችም። «ስንቁ የስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ብርድ ካለ ግማሽ ቀን እንኳ ላይቆይ ይችላል።»

ሻሺቱ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ የጠበቁትን ጥጆች አሰበች። ከዚያ ጥጃዋን አቅፋ በገዛ እጇ ጡቱን አጎረሰቻት። የእንግዴ ልጁም ወደ ላይ አልሸሸም፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ወረደ።

አስቴር እልል አለች። ሃና ግን የሻሺቱን ፊት አይታ፣ «የቆየ ልማድ ነው፤ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለቻት። ደግ ልጅ ናት። ሻሺቱ ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን እስኪጠራ መጠበቁን አልወደደችም።

ቅዳሜ ዱቡሻ ላይ ቆመች። «የአስቴር ጥጃ በአስቴር ጎሜ አልሞተችም። በረሃብ የገደልኳት እኔ ነኝ። የእናንተንም።» ከዚያ የሞቱትን አሥራ አንዱን ጥጆች በእናቶቻቸው መልክ እያነሳች ቆጠረች፤ የበዛብህ ዳልቻ፣ የካሱ ቡሬ፣ አንዷንም አልረሳችም። በዛብህ ዱላውን አንስቶ ሄደ። አስቴር በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ የባሌ መቃብር ላይ ይቅርታ ስለምን ኖሬያለሁ» አለች።



ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራትም። ላም ስታምጥ ከቤቷ ሆና ትሰማለች፤ ትነሳና መልሳ ትቀመጣለች። እንዲህ ሆና ዓመት አለፈ። በ2006 ጥር ግን አስቴር ላከችባት። ሻሺቱ ሮጠች። ስትደርስ ጥጃው ተወልዶ፣ የእንግዴ ልጁ ገና ሳይወርድ፣ እናቱ ሥር ቆሞ ይጠባል።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለች።

«ምንም፣ እትዬ ሻሺቱ። እንድታዪው ብዬ ነው» አለች አስቴር፤ በርጩማም አቀረበችላት።

ሻሺቱ ተቀመጠች፤ ጥጃው ጠግቦ ጡቱን እስኪለቅ ድረስ አየችው።